ስንጥሩ ከማማሰያው ነው

እማማ ክሊኒኩ የደረሱት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሳይሞላ ነው። ከሰንዳፋ ሌሊት ተነስተው፣ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፍረው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። እንግዳ መቀበያው ላይ የተቀመጠችው ልጅ ስማቸውን ኮምፒውተሩ ላይ ፈልጋ «የእርስዎ ሰዓት ገና ነው፤ እዚያ አረፍ ይበሉ» አለቻቸው። አረፍ አሉ። ከእሳቸው በኋላ የመጣው ገባ፤ ከዚያም በኋላ የመጣው ገባ። ጽዳቷ ወለሉን ስትወለውል እግራቸውን አነሱላት። እኔ እዚያ የተገኘሁት ለሌላ ጉዳይ ነበር፤ የካርድ ክፍሉ ፕሪንተር እምቢ ብሎ ተጠርቼ። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ልወጣ ስል አሁንም እዚያው አግዳሚ ላይ አየኋቸው።

«እማማ፣ ማንን እየጠበቁ ነው?»

«ሐኪሙን ነዋ ልጄ። ሁለት ሰዓት ብሎኛል፤ ሁለት ሰዓት መጣሁ።»

ባለ ቁልፍ ስልካቸውን ከጉያቸው አውጥተው ሰጡኝ። መልእክቱ አጭር ነው፦ «ቀጠሮዎ ማክሰኞ 2፡00 ሰዓት ነው።» ያን ቀን ሐኪሙ የሚገባው ከሰዓት በኋላ ነበር። ኮምፒውተሩ የመዘገበው 14፡00 ብሎ ነው፤ በፈረንጆቹ የ12 ሰዓት አቆጣጠር ሲጻፍ 2፡00 ይሆናል፤ በእኛ ግን ከቀኑ 8 ሰዓት። እማማ በትክክል አንብበዋል፤ በሰዓቱም ደርሰዋል። የተሳሳተው መልእክቱ ነው። መልእክቱን የሚልከውን ፕሮግራም የጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

«ሲስተሙ ነው» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት «ሲስተም የለም» ስንባል ኖረን ለምደነዋል። ሲስተም እንደ ዝናብ ነው፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይጠፋል፣ የሚጠየቅለት ሰው የለም። ቃሉን ዋጥ አደረግኩትና «የእኔ ጥፋት ነው እማማ» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ሐኪሙ አንተ ነህ እንዴ?»

ሁለት ሰዓት የማን ነው?

ጥፋቱ ሲታይ ቀላል ነው፤ ስድስት ሰዓት መቀነስ ተረሳ። እኔን ያልተወኝ ጥያቄ ሌላ ነው፤ እንዴት ረሳሁ? አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። ጓደኛዬን «ሦስት ሰዓት ፒያሳ እንገናኝ» ስለው አንዳችንም አንሳሳትም። ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ ግን አገር እለውጣለሁ። ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ይጀምራል፣ ወሩ 31 ይሆናል፣ ዓመቱ ሰባት ወይም ስምንት ይጨምራል። ማንም አላስገደደኝም፤ የምሠራበት መሣሪያ ሲሠራ እንዲያ ሆኖ ነው የመጣው፤ እኔም ሳልጠይቅ ተቀበልኩ።

የእኛ አቆጣጠር መሠረቱ የምንኖርበት ምድር ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን የሚበላለጡት በአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ 12 ሰዓት አካባቢ ትወጣለች፣ 12 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች። ስለዚህ ከንጋት አንድ፣ ሁለት ብሎ መቁጠር የሚያስኬድ ነው። ፀሐይ በበጋ በሌሊት ወጥታ በክረምት አርፍዳ በምትወጣበት ሰሜን አውሮፓ እንዲህ ያለው ቆጠራ አያዋጣም። ሁለቱም ልማድ ለየአገሩ ልክ ነው። ጣጣው የሚመጣው አንዱ ልማድ ስሙን ለውጦ «ስታንዳርድ» ሲባልና ሌላው «የአካባቢ ልዩነት» ሆኖ ሲቀር ነው።

አማርኛ ደግሞ ለስህተቱ መከላከያውን ከጥንት ጀምሮ ይዟል። ጥርጥር ሲኖር ሰው «ሁለት ሰዓት» ብቻ ብሎ አይቀጥርም፤ ከጠዋቱ፣ ከቀኑ፣ ከምሽቱ፣ ከሌሊቱ ይላል። ሌሊቱ ከሁለት ቀን መካከል የወደቀ እንደሆነ «ለሰኞ አጥቢያ» ብሎ ይለያል። ፕሮግራመሮች ቀኑ የሚለወጠው በስንት ሰዓት ነው እያልን የምንከራከርበትን ነገር «አጥቢያ» የምትለው አንዲት ቃል ጨርሳዋለች። እኔ መልእክቱ ላይ የቆረጥኳት እንደ «ከጠዋቱ» ያለችዋን መለያ ቃል ነበር፤ ለማሳጠር ብዬ።

ማሽኑ ራሱ በውስጡ ጠዋትም ሌሊትም አያውቅም። የሚያውቀው ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ በአሜሪካ ቤል ላብስ ውስጥ ዩኒክስ የተባለውን ሥርዓት ሲጀምሩ ሰዓት የሚቆጠርበት አንድ መነሻ ቀን አስፈለጋቸው። መጀመሪያ ሴኮንድን በ60 ከፍለው ከ1971 መባቻ ይቆጥሩ ነበር፤ ለቁጥሩ የተሰጠው ቦታ ግን ሁለት ዓመት ተኩል እንኳ ሳይሞላ የሚያልቅ ሆነ። ኋላ ቆጠራው በሙሉ ሴኮንድ እንዲሆን፣ መነሻውም ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እንዲሆን ተደረገ። ዛሬ አብዛኛው ሰርቨርና ስልክ የሚቆጥረው ከዚያች ቅጽበት ወዲህ ያለፈውን ሴኮንድ ነው። በእኛ ስትመነዘር ቅጽበቷ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ናት፤ በአዲስ አበባ ለሐሙስ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ያን ሌሊት በዚያ ሰዓት የነቃ ሰው ቢኖር ምናልባት ሰዓታት የሚቆም ካህን ነው።

ማማሰያው

እናቴ ገንፎ ስታገነፋ አጠገቧ መቀመጥ እወድ ነበር። ዱቄቱን ነፍታ፣ ውኃውን አፍልታ፣ ዱቄቱን እየነሰነሰች በማማሰያ ታማስለዋለች። ገንፎ ጉልበት ይፈልጋል፤ እየጠነከረ ሲሄድ ማማሰያው ያቃስታል። አንድ ቀን ያጎረሰችው ወንድሜ «እህ» ብሎ ከምላሱ ላይ ቀጭን እንጨት አወጣ። እናቴ ሳቀችና ሁሉም እናት የምትለውን አለች፦ ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋ ስንጥር።

ተረቱን ከዚያ በፊትም ሰምቼዋለሁ። ሰው ሲተርተው ሌላውን ሰው ጠርጥር ለማለት ነው፤ ነጋዴውን፣ ጎረቤቱን፣ አማቹን። ያን ቀን ግን እኔ የጠየቅኩት ሌላ ነበር። «ዱቄቱ ተነፍቶ የለም እንዴ? ከየት መጣ?»

«ከማማሰያው ነዋ» አለችኝ፣ ጫፉ የተፈነቀለውን እንጨት እያሳየች።

ሥራ ስይዝ ይህ ነገር ትዝ ይለኝ ጀመር። እኛ ፕሮግራመሮች ዱቄት መንፋት እናውቃለን። ተጠቃሚው ያስገባውን ቁጥር እንፈትሻለን፣ ፊደል በቁጥር ቦታ እንዳይገባ እንከለክላለን፣ ጠላፊ እንዳይገባ በር እንዘጋለን። ጥርጣሬያችን ሁሉ ወደ ውጭ ነው። የምናማስልበትን እንጨት ግን አንጠረጥርም፤ በየቀኑ በእጃችን የያዝነው ነውና።

ማማሰያውን በግልጽ የጠረጠረው ከላይ የጠራሁት ኬን ቶምሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመ፣ የቱሪንግ ሽልማትን ሲቀበል ያሰማው ንግግር አለው። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። ሰው የጻፈው ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለወጠው ኮምፓይለር በሚባል ሌላ ፕሮግራም ነው። አንድ ሰው ተንኮሉን ኮምፓይለሩ ውስጥ ቢደብቅ፣ ኮምፓይለሩም ተንኮሉን ለሚቀጥለው ኮምፓይለር እንዲያወርስ ቢያደርግ፣ አንተ የጻፍከውን ኮድ መስመር በመስመር ብታነብ ምንም አታገኝም። ዱቄትህ ንጹሕ ነው፤ ገንፎህ ግን ስንጥር አለበት።

ቶምሰን የተናገረው ስለ ተንኮል ነው። እኔ ያጋጠመኝ ተንኮል የሌለበት ነው፤ ልማድ። የሰዓት መቀየሪያዬን ያገኘሁት ተሠርቶ ካለቀ፣ በነጻ ከሚታደል የኮድ ስብስብ ነው። የጻፈው ሰው ሰዓት ሲያስብ የራሱን ሰዓት አስቧል። ክፋት የለበትም። ክፋት ቢኖረው ይሻል ነበር፤ ክፋትን ፈልገው ያገኙታል።

ወይዘሮ ታደሰ

ከእማማ ጉዳይ በኋላ ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ፈተሽኩት። ሁለተኛው ስንጥር የተገኘው መመዝገቢያው ላይ ነው። ሁለት ሳጥን አለው፤ «ስም» እና «የቤተሰብ ስም»። ሁለተኛው ካልተሞላ አያሳልፍም። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር እኛ ዘንድ የለም፤ ያለን የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው፤ እንደ መሰላል። ስለዚህ አንዷ መዝጋቢ የአባትን ትሞላለች፤ ተረኛ ስትቀየር ሌላዋ የአያትን ትሞላለች። አንድ በሽተኛ ሁለት ካርድ አለው፤ የስኳር ምርመራው በአንዱ፣ የግፊቱ በሌላው።

ደብዳቤው ደግሞ ይብስ ነበር። ፕሮግራሙ ለአክብሮት ብሎ የሚጠራው በ«ቤተሰብ ስም» ነው። አባቷ ታደሰ የሚባል እናት «የተከበሩ ወይዘሮ ታደሰ» የሚል ወረቀት ደረሳት። አቶ ብለን የምናከብረው ሰውየውን በራሱ ስም ነው፤ አባቱን አይደለም። ምናልባት አባትየው ከሞቱ ቆይተዋል። ኮምፒውተሩ ሙት እየጠራ ነው።

ይህ በአገር ቤት ሲሆን ያስቃል፤ በሰው አገር ግን ያደክማል። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች የአክስቴ ልጅ ትምህርት ቤት ሄዳ ልጇን ለመውሰድ መታወቂያ ስታሳይ «ስማችሁ አይመሳሰልም» ተብላለች። ባል የራሱን አባት ስም ይዟል፣ ሚስት የራሷን አባት፣ ልጅ የአባቱን። አንድ ቤት፣ ሦስት «የቤተሰብ ስም»። አንዳንዱ ቤተሰብ ከጭቅጭቁ ለመገላገል ልጁን በቀጥታ በአያቱ ስም ያስመዘግባል። ወረቀቱ ይስተካከላል፤ መሰላሉ ግን እዚያ ላይ ይቆማል። ከዚያ በኋላ የሚወለዱት ሁሉ አንድ አያት ላይ ተንጠልጥለው ይኖራሉ። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት ይባል ነበር፤ አሁን የሚከተለው ሳጥኑ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። ጃፓን ይኖር የነበረው ፓትሪክ ማኬንዚ የተባለ ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ2010 የሙያ ጓደኞቹ ስለ ሰው ስም በየዋህነት የሚያምኑትን 40 ሐሰት ዘርዝሮ ጽፎ ነበር። ዝርዝሩን ሳነብ ከግማሽ በላይ ክሊኒኩ ውስጥ ጽፌው አገኘሁ።

አርባ ስምንት ኃይለ ሥላሴ

ሦስተኛው ስንጥር ፊደል ነው። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም በድምፅ ሳይለወጥ ስንት ዓይነት መጻፍ ይቻላል? የመጀመሪያዋ ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ልትሆን ትችላለች፤ ስድስት። ሥ ወይም ስ፤ ሁለት። ሴ ወይም ሤ፤ ሁለት። ሲባዙ 24። ስሙ ተለያይቶ ወይም ተያይዞ ሊጻፍ ስለሚችል 48። ሰው አይቶ አንድ ነው ይላል። ማሽን 48 የተለያዩ ሰዎች ነው የሚያየው። መዝጋቢዋ በአንዱ ፈልጋ ስታጣ «ካርድ የላቸውም» ትልና አዲስ ታወጣለች።

መፍትሔው ቀላል ይመስላል፤ ሁሉንም ወደ አንድ ፊደል መጨፍለቅ። ሞክሬው ነበር፤ አንድ አዛውንት ካርዳቸውን አይተው «ይህ የእኔ ስም አይደለም» አሉ። ልክ ናቸው። በግእዝ ሠረቀ ማለት ወጣ፣ ፀሐይ እንደምትወጣ፤ ሰረቀ ማለት ሰረቀ ነው። ሠዐለ ሥዕል ነው፤ ሰአለ ልመና። በአማርኛ ድምፁ ቢጠፋም ለሚያውቅ ሰው ፊደሉ የትርጉሙን ዘር ይዟል። አሁን ፕሮግራሙ ሁለቱንም ይይዛል፤ ለዓይን ሰውየው እንደጻፈው፣ ለፍለጋ ደግሞ ማንም የማያየው የተጨፈለቀ ቅጂ። የሊቃውንቱን ክርክር አልፈታሁም፤ ሁለቱም ወገን ካርዱን እንዲያገኝ ብቻ አደረግኩ።

ፊደላችን ኮምፒውተር ውስጥ ሕጋዊ አድራሻ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በዩኒኮድ 3.0 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደሎች ቦታ ደብቆ ያስቀምጥ ነበር፤ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የተበተነ ጭድ ይመስላል። ያ ዘመን አለፈ። አድራሻው ግን ከመንደሩ ዳር ነው። በተለመደው አጻጻፍ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ አንድ የግእዝ ፊደል ሦስት ይይዛል። የስልክ መልእክት አጻጻፉ ሌላ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሂሳቡ ገንዘብ ይሆናል። አንድ መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ነው፤ በላቲን ፊደል 160 ፊደል ይገባበታል፣ በግእዝ ግን 70። ለአንድ መልእክት በሚከፈልበት ቤት ክሊኒኩ «ከጠዋቱ» የምትለዋን ቃል እንድቆርጥ የጠየቀኝ በዚህ ነበር። እማማ አግዳሚው ላይ የዋሉት ከአርባ ዓመት ገደማ በፊት አውሮፓ ውስጥ የስልክ መልእክት መጠን ሲወሰን የእኛ ፊደል በማንም ሐሳብ ስላልነበረ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። የቀረውን ጥፋት ግን እኔ እወስዳለሁ፤ ሌላ ቃል መቁረጥ እችል ነበር።

ጳጉሜን 6

ወዳጆቼ «ይህን ሁሉ አሁን ሰው ሠራሹ አስተውሎት ይፈታልሃል» ይሉኛል። እጠቀምበታለሁ፤ አልዋሽም። አማርኛው ከዓመት ዓመት እየተስተካከለ ነው። ግን ልማዴ ሆኖ ጎረምሳ አስተማሪ እንደሚፈትን አያት አንዳንድ ጊዜ እፈትነዋለሁ። አንዱን «ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ምን ቀን ዋለ?» አልኩት። ሳያመነታ «ረቡዕ» አለኝ፤ በትሕትና፣ ሰዋስዉ ሳይዛነፍ። 2016 ላይ ጳጉሜን 6 የለችም። አምስት ላይ ነው ያለቀችው።

እነዚህ ማሽኖች ከብዙ ጽሑፍ የሚማሩት ከዚህ ቃል በኋላ የትኛው ቃል ይመጣል የሚለውን ነው። ጥያቄው ቀን የሚጠይቅ ከሆነ ቀን ይመልሳሉ። «እንዲህ ያለ ቀን አልተፈጠረም» የሚል መልስ በጽሑፍ ውስጥ ጥቂት ነው፤ በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ ከጥቂትም ጥቂት። ድሮ አላዋቂን የምንለየው በመንተባተቡ ነበር። አሁን የሚያውቀውም የማያውቀውም እኩል ይናገራል፤ ስለዚህ አነጋገር ማየት ትተን አሠራሩን ማየት ይኖርብናል።

ጥያቄውን ለአጎቴ ወሰድኩት። በልጅነቱ ጎጃም ውስጥ ቅኔና ባሕረ ሐሳብ ተምሯል፤ አሁን ሽሮ ሜዳ ላይ ልጁ ዘንድ ይኖራል። «ጳጉሜን 6፣ 2016» ስለው ቀኑን ከመናገሩ በፊት ጠየቀ።

«ዘመኑ የማን ነበር?»

5500 ደመረ፤ 7516። ለአራት ሲካፈል ትራፊ የለውም። «ዮሐንስ ነው። ስድስተኛዋ የምትመጣው በሉቃስ ነው፤ ሦስት ሲተርፍ። የለችም» አለ።

በትውፊት ድሜጥሮስ ለተባለው የእስክንድርያ ፓትርያርክ የሚሰጠው ይህ ሂሳብ ከአፍ እስከ ገደፉ ማካፈልና ትራፊ መያዝ ነው፤ እኛ ኮድ ስንጽፍ በየቀኑ የምናደርገው። ልዩነቱ የአጎቴ ሂሳብ እያንዳንዱ ደረጃው ይታያል፤ ብጠራጠር ወረቀት ይዤ ልከተለው እችላለሁ። ፈረንጆቹም ቢሆኑ ሥራቸው ውስጥ አስገብተውታል፤ በዓለም ዙሪያ ስልኮችና ማሰሻዎች የሚጠቀሙበት አይሲዩ የተባለው ነጻ የኮድ ስብስብ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር፣ ዓመተ ዓለምን ጭምር ያውቃል። ያንን አግኝቼ ስጠቀም የቀን መቀየሪያዬን ለምን ዓመታት ሙሉ በእጄ እንደጻፍኩ ራሴን ጠየቅኩ። መልሱ አሳፋሪ ነው፤ ይኖራል ብዬ አልፈለግኩም። ጥርጣሬም ከመጠን ሲያልፍ ስንጥር ነው።

የጥምቀት ማለዳ

እግረ መንገዴን ሌላ ቀን አስቆጠርኩት። «የ2030 ዓ.ም. ጥምቀት ምን ቀን ይውላል ጋሼ?»

የመብራት ቢል ጀርባ ላይ ጻፈ። 7530። ሩቡ 1882፤ «መጠነ ራብዒት» አለ። ሲደመር 9412። ለሰባት ሲካፈል አራት ተረፈ። ከማክሰኞ ጀምሮ በጣቱ ቆጠረ፤ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ። «መስከረም አንድ ዓርብ ነው። እስከ ጥር 11 ያለው 130 ቀን፤ በሰባት ስትገድፈው አራት። ማክሰኞ።»

ስልኬን አወጣሁ። ማክሰኞ ነው።

ያን ዕለት ለምን እንደፈለግኩት ነገርኩት። ብዙ የቆዩ መሣሪያዎች የሴኮንዱን ቆጠራ የሚይዙበት ቦታ 32 ቢት ብቻ ነው፤ አንዱ ለመደመርና ለመቀነስ ምልክት ሲሄድ ቁጥሩ ከ2,147,483,647 ማለፍ አይችልም። የታክሲ ኪሎ ሜትር መቁጠሪያ ዘጠኝ በዘጠኝ ሆኖ ሲሞላ እንደሚገለበጠው ማለት ነው። የሚሞላው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ነው፤ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.። በአዲስ አበባ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ። ጃን ሜዳ ላይ ሕዝቡ ነጠላውን ተከናንቦ የጸበሉን መረጨት በሚጠባበቅበት ማለዳ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወደ ኋላ ይወድቃል ጋሼ። ወደ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894።»

«ወደ ምኒልክ!» ብሎ ሳቀ። እውነትም ያን ጊዜ ዳግማዊ ምኒልክ ዙፋን ላይ ናቸው፤ ባቡር ገና አዲስ አበባ አልደረሰም።

ችግሩ ያልታወቀ አይደለም። አዳዲስ ኮምፒውተሮች ለጊዜ 64 ቢት ስለሚሰጡ ቆጠራቸው ለመቶ ቢሊዮኖች ዓመታት ይበቃል። የሊኑክስ ሥርዓትም እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው 5.6 ላይ ለ32 ቢት መሣሪያዎች መሻገሪያውን አበጅቷል። የሚያሳስበው የማይታደሰው ነው፤ የቆየ ራውተር፣ የሕክምና መሣሪያ፣ መኪና ውስጥ የተቀበረ ኮምፒውተር። እኛ ዘንድ ዕቃ በቀላሉ አይጣልም። ሌላው የጣለው እዚህ ሁለተኛ ዕድሜውን ይጀምራል፤ ያ በጎ ልማዳችን ነው፤ ያን ማለዳ ግን ሊያስከፍለን ይችላል። ቀኑም እስኪደርስ አይጠብቅም። በ2018 ዓ.ም. የተፈረመ የ15 ዓመት ብድር የሚዘጋው በ2033 ነው፤ ሂሳቡን የሚሠራው ፕሮግራም ጥምቀቱን ዛሬውኑ ይሻገራል።

ተጠራጣሪው «የ2000ውም እንዲህ ተብሎ ምንም አልሆነም» ይለኛል። ፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ቀን 2000 ሲያከብሩ እኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ላይ ነበርን፤ የእኛ ሁለት ሺህ የመጣው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነው። ለእኛ ታሪኩ የሩቅ ድግስ ነበር፤ ድግሱ ሲያልቅ የቀረውን ወሬ ብቻ ሰማን። ምንም ያልሆነው ብዙ ሰው ዓመታት ቀደም ብሎ ዓመትን በሁለት አሃዝ የጻፉ ፕሮግራሞችን እየፈለገ ስላስተካከለ ነው። ጣራው ቀድሞ ተጠግኖ ቤቱ ሳያፈስ የከረመ ሰው ዝናቡ ውሸት ነበር አይልም።

ያን ማታ ቤት ገብቼ የክሊኒኩን ፕሮግራም ከፈትኩ። አንዲት መስመር ፈተና ጻፍኩ፤ ለጥር 11 ቀን 2030፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ8 ሴኮንድ ቀጠሮ ያዝ። ፕሮግራሙ የራሴ ነው፤ ኮምፒውተሩ አዲስ ነው፤ 64 ቢት ነው። ያልፋል ብዬ ቡና ልቀዳ ተነሳሁ።

ስመለስ ስክሪኑ ቀይ ነበር። ዳታቤዙ ውስጥ ከዓመታት በፊት፣ ከምሳሌ ላይ ገልብጬ፣ ሳልጠይቅ የመረጥኩት የሰዓት ዓይነት ከ7ኛዋ ሴኮንድ አያልፍም።

ቋጠሮ

እማማ ከሦስት ወር በኋላ ለክትትል ተመለሱ። የፕሪንተር ሰበብ አልነበረኝም፤ ላያቸው ብዬ ነው የሄድኩት። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እዚያው አግዳሚ ላይ አገኘኋቸው። በአዲሱ መልእክት ላይ «ማክሰኞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ይላል፤ የክሊኒኩን ስም አሳጥሬ 70ው ውስጥ አስገብቼዋለሁ።

«ዛሬስ በሰዓቱ ነግሮዎታል እማማ?»

«ነግሮኛል፤ እግዜር ይስጠው።» ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ሳቡ፣ ቋጠሮውን ፈቱ። ከሁለት የብር ኖት መካከል የታጠፈ ወረቀት አለ። ባለፈው ሲወጡ መቀበያው ላይ ያለችውን ልጅ በእስክሪብቶ አስጽፈዋት ነው፦ ማክሰኞ፣ ጠዋት፣ 2። ቃሏን ከስልኩ ጋር አስተያይተው ከቤት ወጥተዋል።

«መጻፉን ማን መከርዎት?»

«ማንም» አሉ፣ መልሰው እየቋጠሩ። «ያን ቀን ስድስት ሰዓት ስቀመጥ አሰብኩበት።»